ፕሮሰሰሩ 13 በመቶ ብቻ እየሠራ ዲዛይኑ ለምን ይንቀረፈፋል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ፕሮሰሰርና ስለ ዲዛይን ሶፍትዌር ፍጥነት ናቸው። ተቀራራቢ የሆኑትን አንድ ላይ አዋህደናቸዋል። የሜኑዎችንና የቁልፎችን ስም ስክሪን ላይ እንደሚነበቡት አስቀምጠናል።

ጥያቄ፦ በአውቶካድ የምሠራው የሕንፃ ፕላን እየከበደ ሲመጣ ዙም ባደረግሁ ቁጥር ስክሪኑ ይቆማል። ታስክ ማናጀርን ስከፍት ግን ፕሮሰሰሩ የሚሠራው 13 በመቶ ብቻ ነው። የቀረውን 87 በመቶ እንዴት ላሠራው? «ኤምኤስኮንፊግ» (የዊንዶውስ አነሣስ ማስተካከያ) ውስጥ ገብተህ የፕሮሰሰሮቹን ቁጥር ከፍ አድርግ የሚሉኝ አሉ።

መልስ፦ መልሱ ያለው 13 በሚለው ቁጥር ውስጥ ነው። ኮምፒውተርዎ 8 ሎጂካል ፕሮሰሰር ካለው (ለምሳሌ እያንዳንዳቸው ሁለት ሥራ የሚቀበሉ 4 ኮሮች፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ለየብቻ የሚያሰሉ 4 ክፍሎች)፣ ታስክ ማናጀር መቶውን ለስምንት ያካፍለዋል፤ ለአንዱ የሚደርሰው 12.5 ነው። ስለዚህ የሚያዩት ቁጥር አንዱ ኮር አቅሙ እስኪሟጠጥ እየሠራ ሌሎቹ ሥራ አጥተው መቆማቸውን ነው የሚናገረው። 16 ሎጂካል ፕሮሰሰር ባለው ማሽን ላይ ይኸው ችግር 6 በመቶ፣ 20 ባለው ላይ 5 በመቶ ሆኖ ይታያል። ብዙ ኮር ባለው ማሽን ላይ ቁጥሩ ይበልጥ ትንሽ ሆኖ ስለሚታይ፣ ተጠቃሚው ይበልጥ ይናደዳል።

ማረጋገጥ ከፈለጉ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ። «ፐርፎርማንስ» ውስጥ «ሲፒዩ»ን ይምረጡና ግራፉ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው «ቼንጅ ግራፍ ቱ»፣ ከዚያም «ሎጂካል ፕሮሰሰርስ» ይበሉ። አንዱ ሳጥን ብቻ እስከ አፉ ሞልቶ ላያገኙት ይችላሉ። ዊንዶውስ አንዱን ሥራ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ከኮር ወደ ኮር ስለሚያዘዋውረው ሦስት አራት ሳጥኖች በከፊል የሞሉ ሊመስሉ ይችላሉ። ድምሩ ግን ያው የአንድ ኮር ሥራ ነው።

ሶፍትዌሩ ሌሎቹን ኮሮች የማይጠቀመው በስንፍና አይደለም። ፕላን መሥራት የሰንሰለት ሥራ ነው፤ መስመሩ የት እንደሚያልቅ ሳይታወቅ ከእሱ የሚነሣው ቅስት አይሰላም፣ ቅስቱ ሳይሰላ ልኬቱ አይጻፍም። የኮምፒውተር መሐንዲሱ ጂን አምዳል በ1967 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያስቀመጠው ሕግ ይህንኑ በቁጥር ያሳያል። ከአንድ ሥራ ግማሹ ብቻ ለብዙ ኮር የሚከፋፈል ከሆነ፣ 8 ኮር ቢያሰማሩበት ፍጥነቱ የሚጨምረው 1.8 እጥፍ እንኳ ሳይሞላ ነው። ዘጠና በመቶው ቢከፋፈል እንኳ 8 ኮር የሚሰጠው 4.7 እጥፍ፣ 16 ኮር ደግሞ 6.4 እጥፍ ነው። ሪቪትና ስኬችአፕም ሞዴሉን ሲያዘጋጁ በአብዛኛው አንድ ኮር ላይ ነው የሚደገፉት። ሬንደር (ሞዴሉን ወደ ተጠናቀቀ ምስል መቀየር) ግን ሌላ ዓለም ነው። በቪሬይ ወይም በብሌንደር ሳይክልስ አንዱ የምስል ክፍል ሌላውን ስለማይጠብቅ ያሉት ኮሮች በሙሉ ይሠራሉ። ፕሮሰሰር ከመነካካትዎ በፊት መጀመሪያ የሚመልሱት ጥያቄም ይኸው ነው፦ የሚያዘገየኝ ሥራ አንድ ኮር ነው የሚፈልገው ወይስ ሁሉንም?

የኤምኤስኮንፊጉን ምክር ይተዉት። «ቡት»፣ ከዚያ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ያለው «ነምበር ኦፍ ፕሮሰሰርስ» የተሠራው ለሙከራ፣ ኮሮችን ለመቀነስ ነው። ሳጥኑ ምልክት ካልተደረገበት ዊንዶውስ ያሉትን ኮሮች በሙሉ ይጠቀማል። ምልክት አድርገው ትልቁን ቁጥር ቢመርጡ ያው በነበረበት ይቀጥላል፤ ተሳስተው 4 ቢመርጡ ግን የፕሮሰሰርዎን ግማሽ ራስዎ ያጠፋሉ። ከዚህ በፊት ነክተውት ከሆነ ምልክቱን አንሥተው ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሡ።

አንድ ኮር ላይ ለሚሠራ ሶፍትዌር ሁለት ነገሮች ይጠቅማሉ፤ የዚያን ኮር ፍጥነት ከፍ ማድረግ (የሚቀጥለውን መልስ ይመልከቱ) እና የተሸከመውን ሥራ ማቅለል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የላቀ ውጤት አለው። በአውቶካድ «ፐርጅ» የማይፈለጉ ብሎኮችንና ሌየሮችን ያወጣል፤ መስኮቱ ውስጥ የተደራረቡትንም እንዲያወጣ የሚያዝዘውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት። «ኦዲት» የተበላሸውን ይጠግናል። «ኦቨርኪል» አንዱ በሌላው ላይ የተደረቡ መስመሮችን ያጠፋል፤ ከሌላ ፋይል ተቀድተው በመጡ ፕላኖች ላይ የተደራረቡ መስመሮች በብዛት ይገኛሉ። የማያስፈልግዎትን ሌየር ደግሞ «ኦፍ» ከማድረግ «ፍሪዝ» ያድርጉት። ኦፍ የተደረገ ሌየር ባይታይም ስዕሉ እንደገና ሲሰላ አብሮ ይሰላል፤ ፍሪዝ የተደረገው ግን ከስሌቱ ይወጣል። አውቶካድ ተጨማሪ ኮር የሚያሠራበት አንድ ማብሪያ አለው፤ «ዊፕትሬድ» ይባላል። ስሙን ትእዛዝ መጻፊያው ላይ አስገብተው ዋጋውን ይዩ፦ 0 ከሆነ ተጨማሪ ኮር አይጠቀምም፣ 1 ስዕሉን እንደገና ሲያሰላ ብቻ፣ 2 ስክሪኑን ሲያድስ ብቻ፣ 3 በሁለቱም ጊዜ ይጠቀማል። 3 ላይ ያድርጉት። ዙምና ፓን ላይ ይረዳል፤ ሌላ ትእዛዝ ላይ ለውጥ አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ የላፕቶፔ ፕሮሰሰር እስከ 4.7 ጊጋኸርዝ እንደሚደርስ ሳጥኑ ላይ ተጽፏል። ታስክ ማናጀር ላይ ግን ከ2.3 ጊጋኸርዝ አልፎ አያውቅም። የት ሄደ?

መልስ፦ 2.3 የፕሮሰሰሩ መነሻ ፍጥነት ሳይሆን አይቀርም። 4.7 የሚደርሰው «ተርቦ» (ከመነሻው በላይ የሚያፈጥነው አሠራር) ሲሠራ፣ ያውም አንድ ወይም ሁለት ኮር ብቻ ሥራ ሲኖራቸው ነው። ከባድ ፋይል ከፍተው እየሠሩም ቁጥሩ ከመነሻው ፈቀቅ የማይል ከሆነ፣ ተርቦው ተዘግቷል ማለት ነው። ይህ ለዲዛይን ሶፍትዌር ትልቅ ጉዳት ነው፤ አንዱ ኮር አቅሙን በግማሽ አጥቷልና።

በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የዊንዶውስ የኃይል ቅንብር ነው። መፈለጊያው ላይ «ኤዲት ፓወር ፕላን» ብለው ይጻፉ፣ «ቼንጅ አድቫንስድ ፓወር ሴቲንግስ»ን ይክፈቱ፣ ወደ «ፕሮሰሰር ፓወር ማኔጅመንት» ይውረዱ። «ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት» የሚለው 100 መሆን አለበት። 99 ከሆነ በብዙ ፕሮሰሰሮች ላይ ተርቦ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። የአንዲት በመቶ ልዩነት ትመስላለች፤ በእርስዎ ማሽን ላይ ግን 2.4 ጊጋኸርዝ ይዛ ትሄዳለች። ላፕቶፑ እንዳይሞቅ ብሎ አንድ ሰው ወደ 99 ያወርደዋል፣ ከዚያ ይረሳል፤ የዚህ ጥያቄ መንስኤ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። «ኦን ባተሪ» እና «ፕለግድ ኢን» የሚሉ ሁለት የተለያዩ መስመሮች ስላሉ ሁለቱንም ይዩ።

«ሚኒመም ፕሮሰሰር ስቴት»ን ወደ 100 ከፍ ማድረግ ግን ትርፉ ትንሽ ነው። ፕሮሰሰሩ ሥራ ሳይኖረውም ፍጥነቱን እንዳይቀንስ ያደርገዋል። ከኢንቴል 6ኛ ትውልድ ወዲህ ያሉት ፕሮሰሰሮች በራሳቸው፣ በሚሊሰከንዶች ውስጥ ፍጥነታቸውን ከፍና ዝቅ ማድረግ ስለሚችሉ የሚያገኙት ሙቀትና የማራገቢያ ጩኸት ብቻ ሊሆን ይችላል። 5 በመቶ ላይ ይተዉት።

አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ እነዚህ መስመሮች ጨርሶ ላይታዩ ይችላሉ፤ «ባላንስድ» የሚባለው ፕላን ብቻውን ይቀመጣል። እንዲያ ከሆነ በዊንዶውስ 11 «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «ፓወር ኤንድ ባተሪ» ገብተው «ፓወር ሞድ»ን «ቤስት ፐርፎርማንስ» ላይ ያድርጉት። ብዙ ላፕቶፖች ከዚህ ሌላ የራሳቸው አምራች መቆጣጠሪያ ፕሮግራም አላቸው፤ እዚያ ውስጥ «ሳይለንት» ወይም «ኳየት» ተመርጦ ከሆነ ዊንዶውስ ላይ ያደረጉት ሁሉ ከንቱ ነው። በመጨረሻ፣ ቻርጀር ሰክተው ይለኩ። በባትሪ ብቻ ሙሉ ፍጥነቱን የሚሰጥ ላፕቶፕ ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ደግሞ 0.79 ጊጋኸርዝ ላይ ተቸንክሮ ቀረ። ፎቶሾፕ ለመክፈት ደቂቃዎች ይወስዳል። ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫንኩት፣ ለውጥ የለም።

መልስ፦ ዊንዶውስን መቀየር አያድነውም፤ ትእዛዙ የሚመጣው ከማዘርቦርዱ ነውና። ኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ «ቢዲ ፕሮክሆት» የሚባል የማስጠንቀቂያ መስመር አለ። ማዘርቦርዱ አንድ ነገር አደጋ መስሎ ሲታየው በዚህ መስመር ምልክት ይልካል፤ ፕሮሰሰሩም ራሱን ለማዳን ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት ይወርዳል። 0.4 ወይም 0.8 ጊጋኸርዝ አካባቢ የማይነቃነቅ ቁጥር የዚህ ምልክት ነው፤ የፕሮሰሰሩ ሙቀት ደግሞ 45 ዲግሪ እንኳ ላይሞላ ይችላል።

በብዛት የሚገኘው ምክንያት ቻርጀር ነው። ላፕቶፑ 130 ዋት እየፈለገ በ65 ዋት ቻርጀር ሲሠራ፣ ወይም የቻርጀሩ ጫፍ መሐል ያለችው ቀጭን መለያ መርፌ ተጣምማ ማዘርቦርዱ «ይህን ቻርጀር አላውቀውም» ሲል፣ ፍጥነቱን ይቆልፋል። ሲነሣ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ስለ ቻርጀር ማስጠንቀቂያ ካሳየ ነገሩ አለቀ፤ ትክክለኛ ዋት ያለውን ቻርጀር ያግኙ። ማስጠንቀቂያ ከሌለ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ላፕቶፑን ያጥፉ፣ የማብሪያ ቁልፉን ለ30 ሰከንድ ተጭነው ይቆዩና እንደገና ያስነሡት። ያበጠ ወይም የሞተ ባትሪ፣ እንዲሁም ማዘርቦርዱ ላይ የተበላሸ የሙቀት መለኪያ ተመሳሳይ ነገር ያደርጋሉ።

ትሮትልስቶፕ በሚባለው ፕሮግራም «ቢዲ ፕሮክሆት» የሚለውን ምልክት በማንሣት ፕሮሰሰሩ ምልክቱን እንዳይሰማ ማድረግ ይቻላል። ለምርመራ ጥሩ ነው፤ ፍጥነቱ ወዲያው ከተመለሰ በሽታው ታውቋል። ዘላቂ መፍትሔ አድርጎ መያዝ ግን የእሳት አደጋ ደወል ጮኸ ብሎ ሽቦውን እንደመቁረጥ ነው፤ በተለይ ባትሪው ካበጠ።

ጥያቄ፦ ሬንደር ሲጀምር ይፈጥናል፣ ግማሽ ደቂቃ ሳይቆይ ይደክማል። ፕሮሰሰሩ አይ7-12700ኤች ነው። ሙቀት ነው ወይስ ሌላ?

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ዓይነት ምልክት ያሳያሉ። መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው፤ ስለዚህ ሳይለኩ ምንም አይግዙ፣ ምንም አይፍቱ።

የመጀመሪያው የኃይል ገደብ ነው። የእርስዎ ፕሮሰሰር መነሻ ኃይሉ 45 ዋት፣ የተርቦ ጣሪያው 115 ዋት ነው። ኢንቴል ሁለት ገደቦችን ያስቀምጣል፤ «ፒኤል2» ለአጭር ጊዜ የሚፈቀደው፣ «ፒኤል1» ያለማቋረጥ የሚፈቀደው ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገርበት ጊዜ «ታው» ይባላል፤ 28 ወይም 56 ሰከንድ በብዛት የሚታዩ ዋጋዎች ናቸው። ሬንደሩ ልክ በዚያ ሰዓት ላይ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰከንድ፣ እንደ ደረጃ አንድ ጊዜ ከወረደ የኃይል ገደቡ ነው። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ፍጥነቱ ደረጃ ሳይሠራ ከፍ ዝቅ እያለ ይዋዥቃል።

ኤችደብሊውኢንፎ የተባለውን የመለኪያ ፕሮግራም በ«ሴንሰርስ» ብቻ ከፍተው የ10 ደቂቃ ሬንደር ያስኪዱ። አራት መስመሮችን ይከታተሉ፦ የኮሮቹን ፍጥነት፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀት፣ «ሲፒዩ ፓኬጅ ፓወር»ን በዋት፣ እና «ተርማል ትሮትሊንግ» የሚለውን አዎ ወይም አይደለም የሚል መስመር። ሙቀቱ 80 ዲግሪ ሆኖ ዋቱ 45 ላይ ከተቀመጠ ገደቡ ነው የያዘዎት። ሙቀቱ 97 ሆኖ ዋቱ 60 ላይ የሚዋዥቅ ከሆነ ማቀዝቀዣው ነው።

የኃይል ገደብ ከሆነ፣ በአምራቹ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ውስጥ «ፐርፎርማንስ»ን መምረጥ ብዙ ጊዜ ፒኤል1ን ከፍ ያደርጋል። ዴስክቶፕ ላይ ባዮስ ውስጥ በቀጥታ መጻፍ ይቻላል። ዋትን በእጥፍ ማሳደግ ፍጥነትን በእጥፍ እንደማያሳድግ ግን ይወቁ። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ይጨምራል፤ የመጨረሻዎቹ 200 ወይም 300 ሜጋኸርዞች ደግሞ ከፍ ያለ ቮልቴጅ የሚጠይቁት ናቸው።

ሙቀት ከሆነ በርካሹ ይጀምሩ። የላፕቶፑን ጀርባ ከጠረጴዛው 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ከፍ ያድርጉት፤ አየር የሚስበው ከሆዱ ነው። ከዚያ አጥፍተው፣ ቻርጀሩን ነቅለው፣ አቧራውን በአየር ይንፉት፤ ሲነፉ የማራገቢያውን ክንፍ በቀጭን እንጨት ይያዙ፣ ካለበለዚያ ከልኩ በላይ ተሽከርክሮ መሽከርከሪያው ይጎዳል። አቧራ የሚታጎረው ማራገቢያው ላይ ሳይሆን በማራገቢያውና በመዳብ ወይም አሉሚኒየም ክንፎቹ መካከል ነው፤ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ይገኛል። ከውጭ ቢነፉት አይወጣም፤ ክዳኑ መከፈት አለበት። ማሽኑ ከሦስት ዓመት በላይ ከሠራ ተርማል ፔስቱን (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ይለውጡ፦ የቆየውን ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮልና ክር በማይለቅ ጨርቅ ይጥረጉ፣ አዲሱን በስሱ ያዳርሱ። የማቀዝቀዣውን ብሎኖች በተጻፈባቸው ቁጥር ቅደም ተከተል፣ በየተራ ጥቂት ጥቂት ያጥብቁ። አንዱን እስከ መጨረሻው አጥብቀው ወደ ሌላው ከሄዱ ሰሌዳው ያጋድልና ከበፊቱ የባሰ ሙቀት ያመጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው «አንደርቮልት» ነው፤ ፍጥነቱን ሳይነኩ ቮልቴጁን መቀነስ። ከላይ ያልነው ስኩዌር እዚህ ጥቅም ላይ ይውላል። በአንድ ዓይነት ፍጥነት ቮልቴጁ 10 በመቶ ቢቀንስ ኃይሉ ወደ 19 በመቶ ይቀንሳል፤ የተረፈው ዋት ለተጨማሪ ፍጥነት ይውላል። ነገር ግን በታኅሣሥ 2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር «ፕለንደርቮልት» የተባለው የደኅንነት ክፍተት ይፋ ከሆነ በኋላ ብዙ የላፕቶፕ አምራቾች ይህን በባዮስ ቆልፈውታል፤ የእርስዎም ላይ ተቆልፎ ሊያገኙት ይችላሉ። ክፍት ከሆነ በትሮትልስቶፕ ወይም በኢንቴል ኤክስቲዩ ከ−50 ሚሊቮልት ይጀምሩ፣ የ30 ደቂቃ ሬንደር ያስኪዱ፣ ከዚያ በ10 ሚሊቮልት እየቀነሱ ይሂዱ። ኮምፒውተሩ ሲቆም ወይም ሰማያዊ ስክሪን ሲመጣ 20 ሚሊቮልት ይመልሱለት። ሙከራው ሳያልቅ «ከዊንዶውስ ጋር ይነሣ» የሚለውን አይምረጡ፤ በተበላሸ ቁጥር ከተነሣ መውጫ ያጣሉ።

ኤኤምዲ ራይዘን 5000 እና ከዚያ በኋላ ባላቸው ዴስክቶፖች ላይ ተመሳሳዩ ነገር «ከርቭ ኦፕቲማይዘር» ይባላል፤ ባዮስ ውስጥ «ፒቢኦ» ሥር ነው። «ኔጋቲቭ» ብለው 10 ይጻፉ። አንዱ እርምጃ ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ገደማ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያታልል ነገር አለ። ከልክ ያለፈ ቁጥር የሁለት ሰዓት ሬንደርን በሰላም አልፎ፣ ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ ሳለ ይጥለዋል። በሬንደር ጊዜ ሁሉም ኮር ሥራ ስላለው ፍጥነቱ መካከለኛ ነው፤ ከፍተኛው ፍጥነት የሚመጣው አንድ ኮር ብቻ ለቅጽበት ሲነቃ ነው፣ የሚወድቀውም ያኔ ነው። «ኢቨንት ቪውወር» ውስጥ «ሲስተም» ሥር ከ«ዊአ ሎገር» (የሃርድዌር ስሕተት መዝጋቢ) የመጣ 18 ወይም 19 የሚል ቁጥር ካገኙ ከርቩን ወደ ኋላ ይመልሱ።

ጥያቄ፦ የቪሬይን ቅድሚያ ታስክ ማናጀር ላይ «ሪልታይም» ባደርገው ሬንደሩ ይፈጥናል?

መልስ፦ አይፈጥንም። ቅድሚያ የሚወስነው ሁለት ፕሮግራሞች ለአንድ ኮር ሲሻሙ ማን ይቅደም የሚለውን ነው፤ ተሻሚ በሌለበት የሚጨምረው ነገር የለም። «ሪልታይም» ደግሞ የማውሱንና የኪቦርዱን ሥራ ሳይቀር ስለሚቀድም ኮምፒውተሩ የሞተ ይመስላል። ሬንደር እያስኬዱ ሌላ መሥራት ከፈለጉ በተቃራኒው «ቢሎው ኖርማል» ያድርጉት። ኮሮቹ ነጻ ሲሆኑ ሬንደሩ ሁሉንም ይወስዳል፣ እርስዎ ሲጠይቁ ይለቃል። ብሌንደር ላይ «ሬንደር ፕሮፐርቲስ»፣ «ፐርፎርማንስ»፣ «ትሬድስ» ገብተው «ፊክስድ» ብለው ከ16ቱ 14ቱን መስጠትም ይቻላል።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። ከኢንቴል 12ኛ ትውልድ (2021) ጀምሮ በብዙ ፕሮሰሰሮች ላይ ሁለት ዓይነት ኮር አለ፤ ለምሳሌ 12700ኤች 6 ትልልቅና 8 ትንንሽ ኮሮች አሉት። ዊንዶውስ ከጀርባ ያለን ወይም ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለውን ፕሮግራም ወደ ትንንሾቹ ሊገፋው ይችላል። የሬንደሩን መስኮት ሚኒማይዝ ሲያደርጉ ፍጥነቱ በግማሽ ከወረደ ምክንያቱ ይህ ነው። መስኮቱን ከፊት ይተዉት፣ «ፓወር ሞድ»ን «ቤስት ፐርፎርማንስ» ያድርጉት፣ ቅድሚያውንም «ኖርማል» ላይ ይመልሱ። ዊንዶውስ 11 ታስክ ማናጀር ውስጥ ከፕሮግራሙ ጎን የቅጠል ምልክት ካለ «ኤፊሸንሲ ሞድ» በርቷል፤ በቀኝ ጠቅ አድርገው ያጥፉት።

ጥያቄ፦ ፎቶሾፕ ትልልቅ ባነሮች ላይ ይጎተታል። ፕሮሰሰሬን ላሳድግ?

መልስ፦ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት አንድ ቁጥር ይዩ። ከምስሉ በታች ግራ በኩል የፋይሉ መጠን የሚታይበት ቦታ ላይ ያለችውን ቀስት ተጭነው «ኤፊሸንሲ»ን ይምረጡ። 100 በመቶ ካሳየ ሥራው በሙሉ ራም ውስጥ ነው። ከ100 ከወረደ ፎቶሾፕ ራም አልቆበት ዲስክ ላይ እየጻፈ ነው፤ ምንም ዓይነት ፕሮሰሰር ይህን አያካክስም።

«ኤዲት»፣ «ፕሪፈረንስስ»፣ «ፐርፎርማንስ» ይግቡ። የራም ድርሻው ሲመጣ 70 በመቶ ነው፤ ሌላ ከባድ ፕሮግራም የማይከፍቱ ከሆነ እስከ 80 ያድርጉት። መቶ በመቶ መስጠት ዊንዶውስን ራሱን ያስርበዋልና ውጤቱ ይገለበጣል። «ሂስትሪ ስቴትስ» 50 ከሆነ ወደ 20 ያውርዱት፤ ለባነር የሚሆን ትልቅ ፋይል ላይ እያንዳንዱ ወደ ኋላ መመለሻ ብዙ ሜጋባይት ይይዛል። «ካሽ ሌቭልስ» በተለመደው 4 ነው፤ ትልቅ ስፋትና ጥቂት ሌየር ላለው ባነር 6፣ ትንሽ ስፋትና ብዙ ሌየር ላለው ሥራ 2 ይሻላል። «ስክራች ዲስክስ» ውስጥ ብዙ ባዶ ቦታ ያለውን ኤስኤስዲ ይምረጡ። ፎቶሾፕን ዘግተው ሲከፍቱ ይሠራል።

ራሙን ራሱን ደግሞ ታስክ ማናጀር «ሜሞሪ» ላይ «ስፒድ» የሚለውን ይዩ። 3200 ተብሎ የተሸጠ ዲዲአር4 2133 ወይም 2400 ላይ ሲሠራ ማግኘት የተለመደ ነው። ባዮስ ውስጥ (ሲነሣ ደሊት ወይም ኤፍ2) የፍጥነት መገለጫው እስኪበራ ድረስ ራም በዝቅተኛው ደረጃ ይሠራል። መገለጫው ኢንቴል ላይ «ኤክስኤምፒ»፣ ዲዲአር5 ባላቸው ኤኤምዲዎች ላይ «ኤክስፖ» ይባላል። አንድ 16 ጊጋባይት ዘንግ ካለዎት ሁለት ባለ 8 ይሻሉ ነበር፤ ሁለት መንገድ ይከፈታልና። አራት ቦታ ባለው ማዘርቦርድ ላይ ሁለቱን ዘንጎች ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር በ2ኛውና በ4ኛው ይሰኩ። ኤክስኤምፒ አብርተው ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ አይደናገጡ፤ ዲዲአር5 ራሱን ለማስማማት ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። ከአሥር ደቂቃ በኋላም ካልተነሣ ኃይሉን ነቅለው የማዘርቦርዱን ሲሞስ (የባዮስ ቅንብር የሚቀመጥበትን) ያጽዱ።

ጥያቄ፦ ሃይፐር ትሬዲንግን (አንድ ኮር ሁለት ሥራ እንዲቀበል የሚያደርገውን) ባዮስ ውስጥ ማጥፋት አውቶካድን ያፈጥናል ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ የሚገኘው ለውጥ ከመለኪያ ስሕተት ብዙም አይበልጥም፤ በሬንደር ላይ የሚያጡት ግን ጉልህ ነው። ይተዉት።

ጥያቄ፦ ለሬንደር የሚሆን ዴስክቶፕ ልገዛ ነው፤ ያገለገለ 14ኛ ትውልድ አይ9 አግኝቻለሁ። ስለ 13ኛውና 14ኛው ትውልድ የሚወራው ነገር ያሳስበኛል። ባዮስ ላይ ምን ላስተካክል?

መልስ፦ ወሬው መሠረት አለው። ኢንቴል በ2024 እንዳስታወቀው፣ 65 ዋትና ከዚያ በላይ የሆኑ የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ከሚገባው በላይ የሆነ ቮልቴጅ እያገኙ በጊዜ ብዛት ሊጎዱ ይችላሉ። የተጎዳ ፕሮሰሰር ቀድሞ በሚበቃው ቮልቴጅ መሥራት ያቅተዋል። ላፕቶፕ ላይ ያሉትን ችግሩ እንደማይነካቸው ኩባንያው ገልጿል።

ማስተካከያው በባዮስ በኩል የሚገባ ማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩ የውስጥ መመሪያ) ነው፦ 0ኤክስ129 በነሐሴ፣ 0ኤክስ12ቢ ደግሞ በመስከረም 2024 ወጥተዋል። ኤችደብሊውኢንፎ የማይክሮኮዱን ቁጥር ያሳያል፤ ከ12ቢ የቀደመ ከሆነ ከማዘርቦርዱ አምራች አዲሱን ባዮስ ይጫኑ። ከዚያ ባዮስ ውስጥ «ኢንቴል ዲፎልት ሴቲንግስ»ን ይምረጡ። ብዙ ማዘርቦርዶች ፋብሪካ ሲወጡ የኃይል ገደቡን እስከ ጥግ ከፍተውት ስለሚመጡ ይህን መስመር በእጅ መምረጥ ያስፈልጋል። የሬንደር ፍጥነት ጥቂት ሊቀንስ ይችላል፤ ይቀንስ።

ማይክሮኮዱ የሚከላከል እንጂ የሚያድን አይደለም። ያገለገለ ፕሮሰሰር ሲገዙ ቀድሞ በምን ባዮስ ሲሠራ እንደኖረ ስለማያውቁ ከመክፈልዎ በፊት ይፈትኑት። ትልቅ የተጨመቀ ፋይል ደጋግመው ይፍቱ፤ አንድ ጊዜ ተሳክቶ አንድ ጊዜ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ካለ ፕሮሰሰሩን ይጠርጥሩ። የ30 ደቂቃ ሬንደር ያስኪዱ፤ ፕሮግራሙ ያለ ምክንያት ከተዘጋ፣ ወይም በቂ የቪዲዮ ሜሞሪ ያለው ካርድ እያለ «አውት ኦፍ ቪዲዮ ሜሞሪ» ካለ እነዚህም የታወቁ ምልክቶች ናቸው። ኢንቴል ለእነዚህ ፕሮሰሰሮች ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዝሟል። ስለዚህ ሻጩን የመጀመሪያውን ደረሰኝና በፕሮሰሰሩ ክዳን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይጠይቁት፤ ሁለቱንም የማይሰጥዎ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።